የአራሷ ዓሣ

ከጉና ተራራ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ አፍ ላይ አፈ ወንዝ የምትባል መንደር ነበረች። ቤቶቿ የሣር ክዳን፣ ታንኳዎቿ የደንገል፣ ሰዎቿም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በጋውን ሐይቁ ላይ ውለው ቆሮሶና አምባዛ ይይዛሉ፤ ነጩን ዓሣም ይይዛሉ። ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከንፈሩ የወፈረ አለ፣ አፉ ወደ ላይ የቀና አለ፣ ሌላውን ዓሣ አሳድዶ የሚበላም አለ። 15 ያህሉ ዓይነት ከጣና በቀር በሌላ ውኃ ቢፈለግ አይገኝም።

ሐምሌ ገብቶ ጉና ላይ ሲዘንብ ወንዙ ቀይ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ያን ጊዜ ከነጩ ዓሣ ብዙው ዓይነት ሐይቁን ትቶ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። የእንስቶቹ ሆድ በእንቁላል ሞልቷል። ሌሊት ሌሊት ጎርፉን እየተጋፉ ሽቅብ ይወጣሉ፤ የሚፈልጉት ጭቃ ያልሸፈነው ጠጠርና የሚሮጥ ንጹሕ ውኃ ነው፤ እሱም ከላይ ባሉት ገባር ጅረቶች ውስጥ ነው ያለው። እንቁላላቸውን እዚያ ጥለው ይመለሳሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይወጡም፤ አንዱ ዓይነት ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ በየተራቸው ያልፋሉ።

የመንደሩ አባቶች ይህን ስላዩ ሕግ ሠርተው ነበር። ወንዙ ሲደፈርስ መረብ ይሰቀላል፤ ጥቅምት ተጋምሶ ውኃው ሲጠራ ይወርዳል። እስከዚያ የሚበላው ያጣ ሰው ሐይቁ ላይ ወጥቶ ቆሮሶውን ያጥምድ። ሕጉ ብራና ላይ አልሰፈረም፤ ማንም ግን አልረሳውም። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ጭቃ ሹሙ ነጋሪት ያስመታና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ያሰኛል። መንደርተኛው ከዋርካው ሥር ተሰብስቦ እጁን አንሥቶ ይምላል፤ ምሎ ሲጨርስ መረቡን አጣጥፎ ማገር ላይ ይሰቅላል።

ከዓመታት በአንዱ፣ በነሐሴ፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስት ወለደች። ምጡ ጠንቶባት ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ገንፎ ቢያቀርቡላት አልቀምስ አለች፤ አጥሚቱንም መለሰችው። የባሏ እናት፣ «የዓሣ ሾርባ ብታገኝ ነፍሷ ይመለስ ነበር» አሉ። ሐይቁ ያን ቀን በማዕበል ይናወጥ ነበር፤ የወንዙ አፍ ግን ደጃፋቸው ነው። ባልየው መረቡን ከማገሩ አወረደ፤ ሄደ፤ አንዲት ዓሣ ይዞ ተመለሰ። አራሷ ሾርባውን ጠጣች፣ አላባት፣ ተኛች። ሲነጋ ልጇን አቀፈች።

ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። ባልየውም አልካደም።

«አባቶቼ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነበር» አለ።

ሽማግሌዎቹ ርኅሩኅ ሰዎች ነበሩ። ተያዩና፣ «ለአራስ ከሆነ እግዜርም አይፈርድ» ብለው ለቀቁት። መንደሩም ፍርዱን ወደደው።

ከመንደሩ ዳር ደንገል እየጎነጎኑ ታንኳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሴቶቹ የዚያችን ዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጥሉት አይተው አነሡት፤ በኮባ ቅጠል ዘርግተው ወደ ዋርካው አመጡት። እንቁላሉ እንደ ማሽላ ፍሬ ቢጫ ነው፣ እርስ በርሱ ተያይዟል፣ ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል። አዛውንቱ ቁጭ ብለው ጥቂት ጥቂቱን እየለዩ ይቆጥሩት ጀመር። መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ያስቀምጣሉ። ጠጠሩ ሃያ ሲደርስ ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ ከቅጠሉ ላይ የጎደለው ግን ከሩቡ አይበልጥም ነበር። ቀና ሲሉ ሽማግሌዎቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል።

በቀጣዩ ክረምት አፈ ወንዝ ውስጥ ያልወለደች ሴት የለችም ተባለ። ግንቦት ላይ የወለደችው ገና አራስ ነኝ አለች። ልጇን ጡት ያስጣለችውም አራስ ነኝ አለች። አዋላጇ ታጣራ ተብላ ብትላክ ከየቤቱ አንዳንድ ዓሣ ይዛ ወጣችና «ሁሉም ወልደዋል» ስትል መሰከረች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ባልቴት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ገብተው ከአራስ አልጋ ላይ ወጡ፤ ራሳቸውን በነጠላ አሰሩ። ጎረቤቱ ገንፎ እየያዘ መጣ።

«እንኳን ማርያም ማረችዎ» አላቸው።

«አሜን፣ አሜን» አሉ ባልቴቷ።

ልጃቸውም ለአራስ እናቱ ብሎ በአንድ ሌሊት ሠላሳ ዓሣ አወጣ።

ሽማግሌዎቹ የአራስ ነገር ልኩን እንዳለፈ አይተው ሕጉን ሊያጠብቁት ተሰበሰቡ። ሦስት ቀን መከሩ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ተነሥቶ፣ «ሕጋችን ወንዙ ሲደፈርስ ነው የሚለው። መደፍረሱን ግን ማን አይቶ ነው የሚፈርደው? በየሰዉ ዓይን ሲሆን ነው ነገር የሚበላሸው» አለ። እውነቱን ነው ተባለ። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ ከአንዲት ሴት ቤት ነጭ ሲኒ ተዋሱ፤ በየማለዳው ከወንዙ በሲኒ እየቀዱ መደፍረሱንና አለመደፍረሱን እንዲያስታውቁ ታዘዙ። ሦስቱም ባለ መረብ ነበሩ።

በመጀመሪያው ማለዳ ሲኒውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና፣ «ቀላ እንጂ አልደፈረሰም» አሉ። በማግስቱ፣ «ደፍርሷል፤ ነገር ግን ከላይ ከብት ተሻግሮበት ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን ሲኒውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ከጎኑ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ አፈሩ ወደ ሥር ወረደ፤ ላዩ ጠራ። «ይኸው፣ ኑና እዩ» አሉ። መንደርተኛው መጥቶ አየ። ከዚያ ወዲያ ዘዴው ይኸው ሆነ። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ሜዳውን አጥለቅልቆ፣ የሩዙን ማሳ ውጦ፣ ያገር ዛፍ እየነቀለ ሲያልፍ ሲኒው ውስጥ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። በዚያ ዓመት ወንዙ ሳይደፈርስ መስከረም ጠባ፤ መረቡም ከውኃው ሳይወጣ ከረመ።

ባለ ሲኒዋ ሴት ለእንቁጣጣሽ ቡና ልታፈላ ሲኒዬን አምጡ አለች። ሲኒው ሲሄድ ለሚመጣው ክረምት ጠባቂ ይቀጠር ተባለ።

ይህ መልካም ሐሳብ ነበር፤ ማንም አልተቃወመም። አንድ ጎልማሳ ተመረጠና ዱላና ካቦርት ተሰጠው። ደመወዙ ግን አስቸገረ። ክረምት ነው፤ ጎተራው ባዶ ነው፤ መንደሩም ገንዘብ የለውም። በመጨረሻ በቀን ሁለት ዓሣ እንዲታሰብለት ተስማሙ። ወንዙን ትቶ ሐይቅ ሄዶ ያጥምድ እንዳይባል ጥበቃው ሊላላ ነው፤ ስለዚህ ደመወዙን ከሚጠብቀው ከዚያው ከወንዙ አፍ እንዲያነሣ ተፈቀደለት። አንድ ሰው ቀንም ሌሊትም መንቃት አይችልምና የሌሊት ጠባቂ ተጨመረ። ሁለቱ እንዳይመሳጠሩ የጠባቂዎች ጠባቂ ተሾመ፤ ሹም ነውና የእሱ አራት ዓሣ ሆነ። ነሐሴ ሳይጋመስ ከመንደሩ እኩሌታው ጠባቂ ነበር።

ጠባቂ ካለ መቀጫ ይኖራል። «ያለ ጊዜው አንድ ዓሣ የያዘ ሁለት ዓሣ ይክፈል» ተብሎ ነጋሪት ተመታ። የመጀመሪያው ተከሳሽ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ አንዲት ዓሣ በቅርጫት ይዞ ሲወጣ ተያዘ።

«ሁለት ዓሣ ትከፍላለህ» አሉት ዳኛው።

«ከየት ላምጣ ጌታዬ?»

«ከወንዙ ነዋ።»

«ወንዙ ተዘግቷል እኮ።»

ዳኛው አሰቡ። ጎረምሳው የተናገረው እውነት ነው፤ መቀጫውም መከፈል አለበት። «ለመቀጫ ከሆነ አልተዘጋም» አሉና ወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ሰጡት። ጎረምሳው ወረቀቱን ጉያው ከትቶ ገባ፤ አራት ይዞ ወጣ። ሁለቱን ከፈለ። ስለ ቀሩት ሁለቱ አራት ተቀጣ። ሌላ ወረቀት ተጻፈለት፤ ስምንት ይዞ ወጣ፤ አራቱን ከፈለ፤ ስለ ቀሩት አራት ስምንት ተቀጣ። እንዲህ እያለ መስቀል ሲደርስ የተፈረደበት መቀጫ 512 ዓሣ ሆኖ ነበር። አንድም ቀን ሳያጓድል ይከፍል ስለነበር ዳኛው ሕግ አክባሪ መሆኑን ለልጆቻቸው እያሳዩ ይመክሩበት ነበር።

ይህን ያየ ሁሉ ለመቀጣት ተሰለፈ። በጠባቂው ደጅ ማለዳ ማለዳ ሰልፉ እስከ ዋርካው ይደርሳል፤ እያንዳንዱ አንዳንድ ዓሣ በእጁ አንጠልጥሏል።

የመቀጫው ዓሣ ሲበዛ ማኖሪያ ጠፋ። አንድ ነጋዴ ይህን ሰምቶ በረዶ የጫነች መኪና ይዞ ከከተማ መጣ፤ በየሁለት ቀኑ እየጫነ ይሄድ ጀመር። መንደሩ ገንዘብ አየ። በገንዘቡ ሁለት ነገር ተገዛ። አንደኛው ከድሮው የበለጠ ትልቅ ነጋሪት ነው፤ አዋጁ ማዶ ድረስ እንዲሰማ። ሁለተኛው አዲስ መረብ ነው። የድሮው መረብ በእጅ የተቋጠረ ክር ነበር፤ ውኃ ውስጥ ይታያል፣ ሲያረጅ ይበሰብሳል። አዲሱ ግን እንደ ጠጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣም ሰውም አያየውም፣ ተቆርጦ ቢቀርም አይበሰብስም፤ ባለቤቱ የረሳው ቁራጭ እንኳ ከጭቃው ሥር ሆኖ መያዙን ይቀጥላል። ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ዘረጉት።

በመረቡ ምረቃ ቀን ታንኳ ሠሪው አዛውንት ከጉባኤው መሀል ተነሡ። «ልጆቼ» አሉ፣ «ከላይ ከገባሩ ሁለት ቀን ሰንብቼ መጣሁ። ጠጠሩ ባዶ ነው። ድሮ በዚህ ወቅት እግሬን ሳስገባ እንቁላሉ ከጠጠሩ መሀል ይታየኝ ነበር፤ ዘንድሮ ድንጋይ ብቻ ነው። አንዲት እናት ከዚህ በታች ስትያዝ እዚያ ላይ የሚጎድለውን እኔ ቆጥሬ ልጨርሰው አልቻልኩም።»

ሕዝቡ በጸጥታ አዳመጣቸው፤ እንደሳቸው የሚወደድ ሰው አልነበረምና። ጭቃ ሹሙ ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጧቸው። «የወንዙ አባት» የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው፤ ጋቢ ተደረበላቸው። ከዚያም አዲሱን መረብ እንዲመርቁ ተለመኑ። አዛውንቱ ጋቢውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩና ወደ ደንገላቸው ተመለሱ። ጭቃ ሹሙ ራሳቸው መረቁት።

መረቡን ያመለጡ ጥቂት ዓሦች ነበሩ። ጎርፉ ሲበረታ ከላዩ ዘለው ወደ ላይ ወጥተው ጥልቁ ኩሬ ውስጥ አረፉ። እነሱን የመንደሩ ወጣቶች ደረሱባቸው። ወጣቶቹ መረብ የላቸውም፤ ሕጉም የሚከለክለው መረብን ነው። የብርብራ ፍሬ ለቅመው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በጆንያ ሞልተው ከኩሬው ራስ ላይ አራገፉት። ውኃው ነጭ አረፋ ደፈቀ። ጥቂት ቆይቶ ትልልቆቹ በጎናቸው ተንሳፈፉ፤ አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ትንንሾቹ መጡ። ጣት የማያክሉ፣ ዓይናቸው ከሆዳቸው የሚበልጥ፣ ዓምናና ዘንድሮ የተፈለፈሉ፤ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈኑት። አንዲት ልጅ በእንስራዋ ውኃ ልትቀዳ መጥታ ነበር። እንስራዋን አስቀምጣ ትንንሾቹን በእፍኟ እያነሣች ከታች ወደሚሮጠው ውኃ ትመልሳቸው ጀመር። የተመለሰው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይወርዳል። እስኪመሽ አልተወችም። ያን ቀን ከብቶቹም ከኩሬው ሳይጠጡ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ መረቡ ቀለለ። የመረቡ ዓይን አራት ጣት የነበረው ሁለት ጣት ሆነ፤ ሁለት የነበረው አንድ ሆነ፤ መጨረሻ ላይ አንበጣ የማያሳልፍ ሆነ። የነጋዴው መኪና በየሁለት ቀኑ መምጣቷ ቀርቶ በሳምንት፣ ቀጥሎም በወር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ጠባቂዎቹ ደመወዛችን አልተከፈለም ብለው ወደ ጭቃ ሹሙ ጮኹ። ነገሩ ምርመራ ያሻዋል ተባለ። መጀመሪያ የውኃ ወፎቹ ተጠረጠሩ፤ ጎጇቸው ፈረሰ። ቀጥሎ ጉማሬ ተጠረጠረ፤ ሣር በላተኛ መሆኑን እረኞች መሰከሩለትና ዳነ። በመጨረሻ ነጩ ዓሣ ራሱ ይከሰስ ተባለ።

ክሱ ከዋርካው ሥር ተነበበ። «ነጭ ዓሣ ሆይ፣ አባቶችህ በየክረምቱ ይመጡበት የነበረውን መንገድ ትተሃል፤ የጠባቂዎችን ደመወዝ አጓድለሃል፤ ለመቀጫ የሚሆን አሳጥተሃል።» በአዲሱ ነጋሪት ሦስት ጊዜ ተጠራ። ድምፁ ማዶ ድረስ ተሰማ። ዓሣው አልቀረበም፤ ዋስም አላቆመም። ዳኛው በሌለበት ፈረዱ፤ «ነጭ ዓሣ በወንዙ ውስጥ በተገኘ ጊዜ፣ ክረምትም ሆነ በጋ፣ ሌሊትም ሆነ ቀን፣ ባየው ሁሉ ተይዞ ይቅረብ» ሲሉ አዘዙ። ጠባቂዎቹ ትእዛዙን ተቀብለው በሙሉ ውኃው ውስጥ ገቡ። ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ፈለጉ።

የዚያን ዓመት የጥቅምት ጉባኤ ላይ የጠባቂዎች ጠባቂ መዝገቡን ገለጠ። በክረምቱ ውስጥ ሕግ የጣሰ አንድም ሰው አልተገኘም። ያለ ጊዜው ዓሣ የያዘ የለም፤ መቀጫ የከፈለ የለም፤ አራስ ነኝ ያለች እንኳ የለችም። ሕዝቡ እልል አለ። አፈ ወንዝ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም ነበር። ጭቃ ሹሙ ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ «ይህን የመሰለ ነገር ለራሳችን ብቻ ይዘን ብንቀር ኃጢአት ነው» አሉ። በሚመጣው ክረምት ወደ ጎረቤት ወንዝ ሄደው ሕግ አጠባበቅ ሊያስተምሩ ተቆረጠ።

በነሐሴ መጀመሪያ ተነሡ። ነጋሪቱን አስይዘው፣ ጠባቂዎቹን አሰልፈው፣ የሲኒውንም ባለቤት ለምነው ሲኒውን ይዘው በጭቃው ሜዳ ተሻገሩ። የማዶው መንደር ሰዎች መረባቸውን ሰቅለው እርሻ ላይ ነበሩ። ወንዛቸው ሞልቷል፤ በየድንጋዩ ሥር የዓሣ ጅራት ውኃውን ሲመታ ይሰማል። እንግዶቹን ሲያዩ ከማሳቸው ወጥተው በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ከዋርካ ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ጭቃ ሹሙ እስኪመሽ አስተማሩ።

«እውነት በክረምቱ አንድ ሰው እንኳ አልጣሰም?» ሲሉ ጠየቁ የማዶው ሽማግሌ።

«አንድም» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ሽማግሌው ተደንቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስታቸው በጓሮ በኩል ጠራቻቸው። «እንግዶቹን በምን ላስተናግዳቸው? ፍልሰታ ነው፤ በግ አይታረድ፣ ወተት አይቀርብ። ሽሮው ለስንቱ ይበቃል?» አለች በሹክሹክታ። እነሱ ዘንድ ዓሣ በጾም ይበላ ነበር። ሽማግሌው ወደ እንግዶቹ አዩ፤ ወደ ወንዙ አዩ፤ ከማገሩ ላይ ወደ ተሰቀለው መረብ አዩ።

«እንዲህ ያሉ ሕግ አክባሪ ሰዎች ጦማቸውን ያድሩ? ለእንግዳ ከሆነ እግዜርም አይፈርድ» አሉና ልጃቸውን ጠሩ።

ልጁ ከወንዙ አፍ አምስት ይዞ መጣ። ሴቶቹ የዓሦቹን ሆድ ሲቀዱ ቢጫው እንቁላል ጻሕሉን ሞላው። ጭቃ ሹሙ እጃቸውን ታጠቡ፤ ባርከው ቆረሱ፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ እንዳልቀመሱ ተናገሩ። ሽማግሌው በምስጋናው ደስ አላቸው።

«ለመሆኑ ስንት ናችሁ?» አሏቸው።

«ከጠባቂዎቹ ጋር ስልሳ።»

ልጁ መረቡን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ወንዙ ተመለሰ። ታናናሽ ወንድሞቹም ቅርጫት ይዘው ተከተሉት።